የብዙነሽ ባል ኃጢአት

ሻርጃ፣ መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ እቴነሽ፣

ብርዱም ሰውም ሳይከፋብዎ ይህ ወረቀት ያግኝዎ። እኔ አምላክ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ፣ እሠራለሁ፣ እበላለሁ። እናንተ ዘንድ መስቀል ወጥቶ ሜዳው ቢጫ ሆኗል፤ እዚህ መስከረምም ሐምሌም አንድ ነው፤ በሩን ሲከፍቱት ፊትን የሚለበልብ ወላፈን ነው የሚቀበልዎ።

እትዬ፣ ለሰላምታ ብቻ ጽፌልዎ ቢሆን ደስታዬ ነበር። ሰው ሲጨንቀው ዘመድ የሚቆጥረው ከቅርቡ ነው፤ እኔ ግን ከሩቁ ጀመርኩ። አንቱ የአባቴ የአክስት ልጅ ነዎት፤ ገሳይ ወዳለው እናቴ ቤት ቢመጡ በዓመት አንዴ ነው። የመረጥኩዎ ስለዚሁ ነው። ደግሞም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ የሰው ማመልከቻ የጻፉ ሰው ከእኔ የባሰም አይተዋል ብዬ ነው።

ከደምመላሽ ጋር መፋታት እፈልጋለሁ።

ይኸው ወጣልኝ። ይህችን መስመር ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ከቆንስላው ውክልና አስጽፌ አብሬ ልኬያለሁ። በእኔ ስም ሆነው ክሱን ይክፈቱልኝ። ስልክ ያልደወልኩት የምሠራበት ቤት ግድግዳው ጆሮ ስላለው ነው፤ ኢንተርኔቱም እናንተ ዘንድ አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ይጠፋል። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎና፣ ድምፅዎን ብሰማ አለቅሳለሁ፤ አንቱም ያለቅሳሉ፤ የሚረባ ነገር ሳንነጋገር ካርዱ ያልቃል።

ምክንያቱን አይጠይቁኝ። ለእናቴም አይንገሩብኝ። እስከ ጥምቀት ቢያልቅልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ድንቹ ዘንድሮ እንዴት ነው? ዋግ መትቶታል ሲሉ ሰምቼ ነበር።

የሩቅ ልጅዎ፣ ወርቅዬ

*

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለወርቅዬ፣

የጻፍሽበት እጅ አይንቀጥቀጥ፣ የቆምሽበት መሬት አይክዳሽ። ደብዳቤሽን ያመጣችው ልጅ ሱቄ ድረስ መጥታ ነው የሰጠችኝ፤ ሽቶዋ እስካሁን ወንበሩ ላይ አለ።

እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይቆጣል። ከጎኔ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚጽፈውን ካሳሁንን ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም። እስከ ዛሬ በእጁ ነው የሚጽፍ። እኔ ኮምፒዩተር የገዛሁ ጊዜ ሦስት ወር አኮረፈኝ። አሁን መብራት በሄደ ቁጥር ሳቁ እስከ ባጃጅ መቆሚያው ይሰማል። «እቴነሽ፣ ያንቺ እጅ ጠፋ፣ የእኔ እጅ ግን ይኸው በርቷል» ይለኛል።

ወደ ጉዳይሽ ልመለስ። የላክሽውን ውክልና ይዤ መዝገብ ቤት ገባሁ። ልጅቷ ገለጥ አድርጋ አየችውና፣ «እትዬ፣ በዚህ እኮ ጎተራ እንጂ ትዳር አይፈርስም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቤት ለማከራየት፣ በሬ ለመሸጥ፣ ቆጣሪ ለማስገባት ይሆናል፤ ፍቺ የሚል ቃል ግን ከላይ እስከ ታች የለበትም። ስለዚህ እንደገና ቆንስላ ሂጂና «በእኔ ስም ፍቺ እንድትጠይቅ፣ ፍርድ ቤት ቀርባ እንድትከራከር» የሚል በግልጽ ይግባበት። ማኅተሙ አዲስ አበባ ላይም ይረጋገጣል፤ እሱን የሚያደርግልኝ ሰው አለኝ።

አሁን የምለውን ደግሞ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ባልሽ ቄስ ናቸው። ሕፃን ሆነው አፍንጫቸውን ጠርጌያለሁ፤ ዛሬ ግን መስቀል ይዘዋልና አንቱ እላቸዋለሁ። አንቺን በቁርባን ያገቡ ዲያቆን ሳሉ ነው፤ ቅስናውንም የተቀበሉት አንቺን አግብተው ነው። ቄስ አንዴ ነው የሚያገባ። ነገ አንቺ ሌላ ታገቢያለሽ፤ እሳቸው ሌላ ያገቡ ዕለት ክህነታቸው ይፈርሳል። ይህን ሳታውቂው ቀርተሽ አይደለም። እቴነሽ እያወቀች አልነገረችኝም እንዳትዪኝ ነው።

ሌላው፣ ምክንያት ነው። ጠበቆቹ «ዛሬ ሕጉ ለፍቺ ምክንያት ተናገሩ ብሎ አያስገድድም» ይላሉ። ይበሉ። እኔ ባዶ ቦታ አልወድም፤ ምክንያት የሌለው ማመልከቻ ጨው የሌለው ወጥ ነው። ምን አደረጉሽ? አንዲት መስመር ጻፊልኝ፣ የቀረውን እኔ አሳምረዋለሁ።

ድንቹ ተርፏል፤ ዋጉ የመታው ከጉና በኩል ያለውን ነው። ካላስቸገርኩሽ የማንበቢያ መነጽር ላኪልኝ፤ የእኔን ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬበት አንድ እግሩ የለም።

እቴነሽ

*

ሻርጃ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ እቴነሽ፣

በያሉበት ጥላ አይራቅዎ። አዲሱን ውክልና ከመነጽሩ ጋር የላክሁት በይፋጓ ልጅ በዙለይካ እጅ ነው። እዚህ አንድ ፎቅ ላይ ነው የምንኖር፤ ከእህትም እህቴ ናት። ለእረፍት አገር ቤት ገብታ ጥር ላይ ስለምትመለስ መልስዎን ለእሷ ይስጧት።

ስለ ምክንያቱ የጠየቁኝን አይቻለሁ። እንደ ሌሎቹ ይጻፉት። እዚያ በር ላይ የሚመጡት ሴቶች የሚሉትን አንቱ ያውቁት የለ? እሱኑ ያድርጉት።

ብቻ ይፍጠኑልኝ እትዬ። ከጥምቀት ባይዘል። ለምን እንደቸኮልኩ አንድ ቀን እነግርዎ ይሆናል።

ስለ ቅስናው የጻፉትንም አንብቤዋለሁ።

ወርቅዬ

*

ደብረ ታቦር፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለወርቅዬ፣

ከባሕር ማዶ ያለሽውን እግዜር በዓይኑ ይይሽ። ጥምቀት እንዴት አለፈ አትዪም? ታቦታቱ ወርደው ገቡ፤ ሕዝቡ ዘንድሮ ሰግቶ ይቀራል ስንል ሜዳው ጢም አለ። ዙለይካም መሸኛውን ልታይ መጥታ፣ «እትዬ፣ እስላም ነሽ ብለው አላባረሩኝም፤ እንዲያውም ሎሚ ወረወሩብኝ» ብላ አሳቀችኝ። ወርዋሪው ማን እንደሆነ ጠይቂያት፤ ስትቀላ ታያታለሽ።

ክስሽ ጥር 6 ቀን ተከፍቷል። ከጥምቀት ባይዘል ብለሽኝ ነበር፤ መክፈቱን እንጂ መጨረሱን የሚይዘው እኔ አይደለሁም። ምክንያቱን እንደ ሌሎቹ ጻፉት ስላልሽኝ እንደ ሌሎቹ ጻፍኩት። ኮምፒዩተሩ ላይ ለፍቺ የማስቀምጠው አንድ ጽሑፍ አለኝ፤ ከዚያ ቀድቼ፣ ስምና ቀኑን ለውጬ፣ በግማሽ ሰዓት አለቀ። ሁለት ገጽ ሙሉ ሆኖልሻል። የመዝገብ ቤቷ ልጅ እንኳ በዚህ ጊዜ ምንም አላለችም።

መጥሪያው በቀበሌ በኩል ለቄስ ደምመላሽ ይደርሳል። ቀጠሮው ለመጋቢት 25 ነው። ግልባጩን ለዙለይካ ሰጥቻታለሁ፤ አንብቢና የሚስተካከል ካለ ቶሎ ጻፊልኝ፤ ከቀጠሮው በፊት ይሻሻላል።

መነጽሩ ልክ ነው። ካሳሁን ዳኛ መሰልሽ አለኝ።

እቴነሽ

*

ደብረ ታቦር፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወርቅዬ፣

ደብዳቤሽን ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም። ጤና ይስጥሽ። እኔ እንቅልፍ ካጣሁ ሦስት ቀኔ ነው፤ የሆነውን ከሥሩ ልንገርሽ።

የቀበሌው ሰውዬ መጥሪያውን ይዞ የሄደው እሑድ፣ የካቲት 9 ነው። «ቄሱን በሥራ ቀን ከማሳ ማሳ ስፈልግ ከምውል ቤተ ክርስቲያን አገኛቸዋለሁ» ብሎ። ሲደርስ እሳቸው መቅደስ ውስጥ ናቸው። ይጠብቅ አይደል? አልጠበቀም። በሩ ላይ ለተቀመጠው ለሰበካው ጸሐፊ ሰጥቶት ሄደ። ጸሐፊው ደግሞ ወረቀት ካየ ምራቁን የሚውጥ ሰው ነው። ዘርግቶ አነበበው። ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ቄስ ደምመላሽ መስቀል ይዘው ወጡ። ሰዉ ሊሳለም አልቀረባቸውም። ሦስት አሮጊቶች ብቻ ሄዱ፤ እነሱም ጆሯቸው ስለማይሰማ ነው። የደብሩ አለቃም «ነገሩ እስኪጣራ ከቅዳሴ ይታቀቡ» አሏቸው።

ረቡዕ ዕለት መጡ። በትራቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ደንበኞቼ የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ጫፉን ይዘው ተቀመጡ። ካሳሁን ያለወትሮው ጽሑፉን ትቶ ተነሣና ራቅ አለልን።

«እትዬ፣ ይህን የጻፉት አንቱ ነዎት?»

«በውክልና ነው አባቴ።»

«የጻፈውን እጅ አይደለም የጠየቅሁ። ቃሉን ያለችው እሷ ናት?»

ወርቅዬ፣ አዎ ብል ውሸት ነው፤ አይደለም ብል ሠላሳ ዓመት የበላሁበትን እንጀራ ረገጥኩ ማለት ነው። ዝም አልኩ። እሳቸው ዝምታዬን አዎ ብለው ወሰዱት።

«እንግዲያው ደግ። መጋቢት 25 ቀርቤ አዎ እላለሁ።»

«ምኑን ነው አዎ የሚሉ?»

«የተባልኩትን።»

«አባቴ፣ አላደረጉትማ!»

«ለሁለት ዓመት ተባብለን አምስት ዓመት በሰው አገር የተውኳት እኔ አይደለሁ? እሷ በላከችው ቆርቆሮ ሥር እያደርኩ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይጮኽብኛል። አዎ ካልኩ ቶሎ ይለቋት የለ?»

አዎ ያሉ ቀን ቃላቸው መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ያ ወረቀት ደብሩ የደረሰ ቀን ቅስናቸው አበቃ። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። ተነሥተው ሲሄዱ ባርከውኝ ነው የሄዱት፤ እሱ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

አሁን የእኔን ስሚ። ያ ሦስተኛው አንቀጽ፣ «በመጠጥ ሰክሮ እየመጣ ይደበድበኛል፣ ከሌላ ሴት ጋር በመማገጥ ትዳራችንን አርክሷል» የሚለው፣ ያንቺም ቃል አይደለም፤ የእሳቸውም ሥራ አይደለም። የብዙነሽ ባል ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ብዙነሽ የምትባል አረቄ ሻጭ ፊቷ አብጦ መጥታ ያለችኝን ቃል በቃል ጻፍኩላት። ዳኛው አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥሩ አንቀጽ ነው ብዬ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲህ ለመጣ ሁሉ ስም እየለወጥኩ እለጥፈዋለሁ። በዚህ አንቀጽ ስንቱን ባል እንዳሰከርኩት እግዜር ይቁጠረው! ያንቺን ስጽፍም እጄ ቄስ ይሁን ወታደር አልለየም። የብዙነሽን ባል ኃጢአት አንሥቼ በቄስ ደምመላሽ አንገት ላይ አንጠለጠልኩት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽና ልጨርስ። ግልባጩ በዙለይካ እጅ ከደረሰሽ ሳምንታት አልፈዋል። አንብበሽዋል? ካነበብሽው ምነው ዝም አልሽ?

እቴነሽ

*

ሻርጃ፣ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ እቴነሽ፣

ጾሙን ያቅልልዎ። በሰላምታ የማስረዝምበት ፊት የለኝም።

አንብቤዋለሁ። ዙለይካ በሰጠችኝ ቀን መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውኃውን ከፍቼ አነበብኩት። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ የተናደድኩ ቢሆን ዛሬ በቀለለኝ። አልተናደድኩም እትዬ። ትከሻዬ ነው የቀለለኝ። ጥፋቱ ከእኔ ላይ ወርዶ እሱ ላይ ሲወጣ ታየኝና እፎይ አልኩ። አጥፌ ፍራሼ ሥር ከተትኩት። ነገ እጽፋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እጽፋለሁ ስል ወር አለፈ። አንቱ ሳያውቁ ነው የጻፉት፤ እኔ ግን እያወቅሁ ነው የተውኩት።

ደምመላሽ አንድ ቀን ሰክሮ አያውቅም። ጠላ እንኳ ሲቀርብለት ከንፈሩን አስነክቶ ለጎረቤት የሚያሳልፍ ሰው ነው። እጁንም አንሥቶብኝ አያውቅም። ሌላ ሴት ማለትማ…

ልጅ ወልጃለሁ። በረከት እንለዋለን፤ ግንቦት ላይ ዓመት ይሆነዋል። አባቱ ሞገስ ይባላል፤ የደሴ ልጅ ነው፣ ሹፌር ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ታምሜ ሦስት ሳምንት ከሥራ ስቀር ሾርባ ያመጣልኝ እሱ ነበር፤ በዚያ ተጀመረ። የደምመላሽ ሚስት እየተባልኩ እሱን ማግባት አልችልም፤ ሳንጋባ ደግሞ ለልጁ ወረቀት የሚሰጠን የለም። ሐኪም ቤት በወሰድኩት ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ያመመውን አይደለም፣ የማን እንደሆነ ነው። የቸኮልኩት ለዚህ ነው። ይህን በመስከረሙ ደብዳቤ ጽፌልዎ ቢሆን የብዙነሽ ባል ገሳይ ድረስ ባልመጣ ነበር።

አሁን እንዲህ ያድርጉልኝ። ሦስተኛውን አንቀጽ ያውጡት። በቦታው «ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፤ ከሌላ ሰው ልጅ ወልጃለሁ» ብለው ያስገቡ። ይህንን ደብዳቤም ይዘው ለደብሩ አለቃ፣ ለዚያም ጸሐፊ ያንብቡላቸው። ሚስቱ የከዳችው ቄስ ብቻውን ኖሮ ማገልገል እንደሚችል አውቃለሁ፤ የቄስ ሚስት ሆኜ ስኖር ይህን ያህል ተምሬያለሁ። እሱ አዎ ከሚል እኔ አዎ ልበል።

እናቴ መስማቷ አይቀርም። ይሁን። ስትሰማ ብቻ አንቱ አጠገቧ ይሁኑልኝ። ሰው ሲያያት የምታለቅስ ሴት አይደለችም፤ ብቻዋን ከሆነች ነው የምፈራላት።

ወርቅዬ

*

ደብረ ታቦር፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለወርቅዬ፣

ሞትን የረታው ጌታ ልብሽን ያሳርፈው። እነሆ ፋሲካው አልፎ ጻፍኩልሽ፤ ውሳኔው እጄ እስኪገባ ነው የቆየሁት።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ መጋቢት 20 ቅዳሜ ነው። እሑድ በጠዋት በሚኒባስ ገሳይ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግር። ጉልበቴን አትጠይቂኝ። ስደርስ ቅዳሴው ውስጥ ነው። ቄስ ደምመላሽን የት አገኘኋቸው መሰለሽ? ከቅጥሩ ውጭ፣ ግንቡን ተደግፈው። ውስጥ ያሉት ሲያዜሙ እሳቸው በለሆሳስ፣ ከውጭ፣ በቃላቸው ይመልሳሉ። አልከለከሏቸውም፤ ራሳቸው ናቸው አልገባም ያሉ።

ደብዳቤሽን ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡት። ደገሙት። ፊታቸውን ለማየት አልደፈርኩም፤ ጫማቸውን ነው ያየሁ። ከዚያ በአራት አጠፉትና፣

«ይህ ኑዛዜ ነው እትዬ። ኑዛዜ በአደባባይ አይነበብም» አሉኝ።

«አባቴ፣ የተጻፈው ለእኔ እኮ ነው! አንብቢላቸው ብላ አዛኛለች!»

«ለአንቱ የጻፈችው ለእኔ መጻፍ አፍራ ነው።»

«ታዲያ ይህ ካልተነበበ በምን ይመለሳሉ?»

«እኔ እንድገባ እሷ ትውጣ?»

ብለው ወረቀቱን ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። አልመለሱልኝም። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ፤ ያንቺ ኑዛዜ ከታሸገ የቀረው የእኔ ነው።

ቀድሞ ነገር ብልጥ ነኝና ቦርሳዬ ውስጥ የብዙነሽን የድሮ ክስ ስሟን ሸፍኜ፣ ካንቺ ክስ ግልባጭ ጋር ይዤ ነበር። ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ አለቃውን አስፈቅጄ ዛፉ ሥር ቆምኩ። ወርቅዬ፣ በሰው ስም ስናገር ኖሬ በራሴ ስም መናገር እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። «እኔ ማመልከቻ ጻፊዋ እቴነሽ ነኝ። በቄሱ ላይ የተነበበውን ማንም አላለውም። ከሌላ ሰው ክስ ቀድቼ የለጠፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ሁለቱንም ወረቀት ለጸሐፊው ሰጠሁት። ዓይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያመላልስ ቆየና፣ «አራት ነጥቡ እንኳ አንድ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ከኋላ ፋንታው የሚባል ገበሬ ብድግ አለ። «እትዬ፣ የእኔን ፍቺ የጻፉት አንቱ አይደሉም እንዴ? የዛሬ አራት ዓመት?»

«እኔ ነኝ ፋንታው።»

«እኔ እኮ አረቄ አፌ አያውቅም! አራት ዓመት ሙሉ ልጆቼ ሰካራሙ ሲሉኝ! እኔ ራሴ ሰክሬ ረስቼው ይሆን እያልኩ!»

ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ጉልበቱ ላይ ልወድቅ ስል አነሣኝ። ይህን ጽፈሽ አስቀምጪ፤ ስንት ፋንታው እንዳለኝ ገና አልቆጠርኩም።

መጋቢት 25 ችሎት ቀረብን። ያንን ሁለት ገጽ አንሥቼ ሦስት መስመር ብቻ አስገባሁ። ዳኛዋ ቄስ ደምመላሽን «ተስማምተዋል?» አሏቸው። «ተስማምቻለሁ።» «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ሲሏቸው፣ «ርቀት» አሉ። አንድ ቃል። ሠላሳ ዓመት ስጽፍ እንዲህ ያለ አጭር ማመልከቻ አልጻፍኩም። ውሳኔው ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ለልጅሽ ወረቀት አውጪለት።

በሆሣዕና ቄስ ደምመላሽ ቀደሱ። እኔም ሄጄ መስቀል ተሳለምኩ፤ ወረፋው እስከ በሩ ነበር። ሌላ እንደማያገቡ ለአለቃው ነግረዋቸዋል። ይህን የምጽፍልሽ ልቤ እየከበደኝ ነው፤ ግን ከእንግዲህ የምደብቅሽ አልፈልግም።

እናትሽ ምን እንደሰማች አላውቅም። ባዶ እጄን እንዳልሄድ ብዬ ዳቦ ይዤ ገባሁ፤ አብረን በላን። «ልጄ ምን ሆና ነው?» አለችኝ። «ርቀት ነው» አልኳት። ፍርፋሪውን ጠራርጋ ተነሣች። ሌላ አለመጠየቋን አላምነውም።

ያንን የፍቺ ጽሑፍ ከኮምፒዩተሩ አጥፍቼዋለሁ። አሁን የመጣችውን ሁሉ ቁጭ አድርጌ፣ ተናገሪ ብዬ፣ ያለችውን ብቻ ነው የምጽፍ። በቀን ሁለት ሰው አልጨርስም። ካሳሁን ደንበኛዬን ሁሉ ወስዶ ደስታ ሊገድለው ነው።

ልረሳው ነበር። ከችሎት ስንወጣ ደረጃው ላይ ቄስ ደምመላሽ ቆም አሉና፣ «እትዬ፣ የልጁን ክርስትና ስም ይጠይቁልኝ» አሉኝ። ክው አልኩ። ስም ሲጠየቅ መጥሪያ ነው ትዝ የሚለኝ። ፊቴን አይተው ፈገግ አሉ።

«አይደንግጡ። ለክስ አይደለም፤ ለጸሎት ነው።»

እቴነሽ

*

ሻርጃ፣ ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ እቴነሽ፣

ክረምቱ በበረከት ይግባልዎ። ውሳኔው በግንቦት ደርሶኛል። ሞገስ ሲያየው ዘለለ፣ አቀፈኝ፣ ልጁን ወደ ላይ ወረወረው። እኔ «ርቀት» የምትለዋን ሳያት ቆየሁ። ሐሙስ እንፈራረማለን። የልጁን ወረቀት ከዚያ በኋላ ይሰጡናል ብለውናል።

መልሴ የዘገየው ልጁ ክርስትና ስም ስላልነበረው ነው። ልጄን አላስጠመቅኩትም ነበር። እዚህ ሐበሾች የሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ዓመት ሙሉ በበሩ በታክሲ አልፌ አልገባሁም። የዚያው ቄስ ማን ነሽ ይሉኛል ብዬ ነው። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ሄድኩ። አሉኝም። ነገርኳቸው፤ የቄስ ሚስት እንደነበርኩም ጭምር። ብዙ ቀኖና ሰጥተውኛል፤ እየሰገድኩ ነው፤ ዙለይካ ከጎኔ ተቀምጣ ትቆጥርልኛለች፣ ስሳሳት ታስጀምረኛለች።

ሰኔ 15 እሑድ ተጠመቀ። ተክለ ሚካኤል ተብሏል። ለቄስ ደምመላሽ ይንገሩልኝ።

ለእናቴ ራሴ እጽፋለሁ። ለይኼኛው ሰው አልወክልም።

እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ እረፍት ነሣኝ። የልጁን ክርስትና ስም ጠየቀ፤ የእኔን አልጠየቀም። ረስቶት ከሆነ ብዬ እዚህ ጥግ ላይ ልጽፍልዎ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት። ካልረሳው ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት በየቅዳሴው ሲጠራኝ ኖሯል ማለት ነው፤ እኔ በዚያ ሰዓት የት እንደነበርኩ አውቃለሁ።

የትኛው እንደሆነ አይጠይቁልኝ።

ወርቅዬ